ከሥሩ በኩል አምስት ጣት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ደጃፍዎ ላይ አፍሮ ቆሞ እንዳይቀር፣ ከነጫማው ይግባ ይበሉልኝ። እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባቴም ደህና ነው። «ለእህቴ ሳልጽፍላት ዓመት ዞረ፤ ዘንድሮ አንቺ ጻፊልኝ» ብሎ ወረቀቱን የሰጠኝ እሱ ነው።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ሲሄዱ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ስድስት ሆኖኛል። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ሰፈርተኛው «ጭምቷ» ይለኛል፤ ስሜን የሚያውቀው እንኳን ጥቂት ነው። ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማያየኝ ትንሽ ይሻለኛል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ከመስከረም ጀምሮ ትምህርቴን ለጊዜው አቁሜ አባቴን በወርቅ ሥራው አግዘዋለሁ። ሱቁ እንደ ድሮው ነው፤ ከፊት ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ከመጋረጃው ኋላ መሥሪያው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። እጠርጋለሁ፣ ዕቃ አቀብላለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። የአባቴ ዓይን ደክሟል። እዚያ በአንድ ዓይን ላይ የሚደረግ ማጉያ መነጽር ካለ ቢልኩለት። ራስ ላይ የሚታሰርበት ጠፍር ጠበብ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘም ምንም አይደለም።

አባቴ «ሳሚልኝ» ብሏል። ደብዳቤ እንዴት እንደሚሳም ስላላወቅኩ ከታች ትንሽ ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 2

ለጭምቷ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ዕድሜሽ ከዕድሜዬ ይርዘም። ደብዳቤሽን ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ፣ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሰላምታሽ ከነጫማው ገብቶ አልጋዬ ላይ ጉብ ብሏል። ባዶውን ቦታም ስሜዋለሁ። ግን «እርስዎ» ስትዪኝ ወገቤን ያዘኝ። አንቺ በይኝ፤ ገና አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

እንዴት አላስታውስሽም! መሥሪያው ሥር ተቀምጠሽ፣ የሞረዱን ብናኝ በምራቅሽ ጣትሽ ላይ ለጥፈሽ፣ «ቀለበት አደረግኩ» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ማጉያው ከዚህ ጋር አለ። እንዳልሽው ጠበብ ያለውን መረጥኩ። የወንድሜ ራስ እንደ ዱባ ትልቅ እንደነበር ነው የማስታውሰው፤ ከሳ እንዴ?

እኔም ከቤታችን ሙያ አላመለጥኩም። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ወርቅ እሠራለሁ፤ ልዩነቱ የእኔ ጌጥ በዓይን አለመታየቱ ነው። መስተዋት ላይ ሁለት ሁለት የወርቅ ሦስት ማዕዘኖችን ጫፍ ለጫፍ አፋጥጠን እናሳርፋለን። በጫፎቹ መካከል ያለችው ክፍተት፣ አንዲት የራስ ፀጉር አምስት ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ አንዷን ስንጣሪ ታህላለች።

ለምን በዪኝ። ብርሃን ወፍራም ነው። በማጉያ መነጽር ምንም ብታጠብቢው ከአንድ ልክ በታች አልጠብም ይላል። ወርቁ ላይ ሲያርፍ ግን፣ በወርቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በገንዳ ውስጥ እንዳለ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ይናጣሉ፤ መናጣቸው ብርሃኑን እየጎተተ ወደ ጫፎቹ መሀል ያስገባዋል። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ብርሃኑ አውቶቡስ በር ላይ እንደሚጋፋ ሰው ይጨናነቃል። እዚያ መሀል አንዲት ኢምንት ነገር ከገባች፣ ወይም ወርቁን ከነካችው፣ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙን ይለውጣል። እኛም ቀለሙን አይተን «እንግዳ መጥቷል» እንላለን። ሥራችን ይኸው ነው፤ በር መጠበቅ።

ለወንድሜ ደግሞ ይህን ንገሪው፤ ወርቅ በጣም ደቆ ውኃ ውስጥ ሲበተን ቢጫ አይደለም። ቀይ ነው።

አሁን አራት ነገር ልጠይቅሽ። የሞረዱን ብናኝ አሁንም በባዘቃ፣ እዚህ ሜርኩሪ በሚሉት፣ ነው የምትሰበስቡት? ባዘቃውን የሚያቃጥለው ማን ነው? ሲቃጠል መስኮቱ ይከፈታል? የወንድሜ እጅ እንዴት ነው?

አክስትሽ


ኅዳር 27

ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ዛሬ ትንሽ ደፍሮ ሳያንኳኳ ገብቷል። ማጉያው ደርሶናል፣ ልክ ሆኗል። እግዚአብሔር ይስጥልን። «አንቺ» ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው አሁን ልጽፈው ነው። አንቺ ደህና ነሽ?

የአባቴ ዓይን ስለሚደክም ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝ። ቀዩ ወርቅ ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ መልሺው» አለ። መለስኩት።

«ቀይ?»

«ቀይ ነው የሚለው፣ አባዬ።»

«መዳብ ነው የሰጧት! እህቴን ያን ሁሉ አገር አሻግረው በመዳብ አታለሏት!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ቀልድ ጨመረበት፤ እሱን ግን ለመጻፍ አፈርኩ።

ስለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ብናኙን በባዘቃ ነው የምንሰበስበው። ጥራጊውን አጥበን ከባዘቃ ጋር ስናሸው ባዘቃው ወርቁን ብቻ መርጦ ይውጠዋል። በጨርቅ ሲጨመቅ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ነገር ይቀራል። እሱን ምድጃ ላይ ስናግለው ባዘቃው ተንኖ ይሄድና ወርቁ ብቻውን ይቀራል። ይህን አንቺ ከእኔ በፊት ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደምነግርሽ አላውቅም። የሚያቃጥለው አባቴ ነው። መስኮቱ አንዳንዴ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የምንዘጋው አከራያችን «ጭሳችሁ የታጠበ ልብሴ ላይ ይሰፍራል» ብላ ስለምትቆጣ ነው።

የአባቴ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ብርድ ነው ይላል።

ያ ያልሽው ብርሃን፣ ሰው ውስጥ የገባ ነገርም ያያል? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 20

ለጭምቷ፤

ጤና ካንቺ አይራቅ። ስለ መስኮቱ «አንዳንዴ» አልሽኝ። ስለ ወንድሜ እጅ «ትንሽ» አልሽኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እንዲሁ አይጠየቅም።

አያትሽም ብርድ ነው ይል ነበር፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ ላብ እያጠመቀው። ሲሞት በእርጅና ነው ተባለ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ያያል። ብርሃናችን ባዘቃን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያያል። አያትሽ «ወርቅ ባዘቃ ካየ ራሱን አይገዛም» ይል እንደነበረው፣ የእኛም ኢምንት ወርቅ ባዘቃ ሲነካው ይውጠዋል፤ ወዲያው የብርሃኑ ቀለም ፈቀቅ ይላል። ሰው የተነፈሰው ባዘቃ ደግሞ ጥቂት ጥቂቱ ወደ ፀጉሩ ይገባል። ፀጉር በወር የትንሿን ጣት ውፍረት ያህል ያድጋል። ስለዚህ ከሥሩ በኩል ያለችው የመጀመሪያ ጣት ያለፈው ወር ናት፤ ሁለተኛዋ ከዚያ በፊት የነበረው፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የወንድሜን ፀጉር ላኪልኝ። ከማጅራቱ በኩል፣ ቆዳው ድረስ አስጠግተሽ፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ቆርጠሽ፣ ሥሩ የቱ እንደሆነ እንድለየው በክር እሰሪው። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልይው። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። ዝምተኛ ሴት ናት፤ አንቺና እሷ ብትገናኙ ቀኑን ሙሉ ተያይታችሁ ትለያያላችሁ።

እዚህ ባዘቃ በሁለት ቁልፍ ነው የሚቆለፈው። እኛ ቤት ከስኳሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። አሁንስ?

እስከዚያው መስኮቱን ክፈቱ። አከራይዋ ትቆጣ፤ ልብስ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ አይሞትም።

አክስትሽ


ጥር 29

ይድረስ ለክብርት አክስቴ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የአባቴ ፀጉር ይኸውና። እንዳሉት ከማጅራት በኩል ነው፣ ሥሩንም በጥቁር ክር አስሬዋለሁ። ቤት ውስጥ ካለው ወረቀት ሁሉ ንጹሑን መርጬ ነው የጠቀለልኩት። እንዴት እንደቆረጥኩት አይጠይቁኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ደብዳቤውን ሳነብለት ስለ ፀጉርና ስለ አያቴ የሚለውን ዘልዬዋለሁ።

ስኳሩ አሁን ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሌላ ምንም አያስፈልገንም።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 28

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ከበፊተኛው ጋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ እንደሆነ እንጃ። መልስዎ አልመጣም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ያለው ሰውዬ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ ስለዚህ አሁን አልገባም፤ በመስተዋቱ ከውጭ አይቼው እመለሳለሁ።

ተቆጥተው ይሆን? ወይስ ወርቁ አንድ ነገር አይቶ ለመጻፍ ከብዶዎት ነው? መጥፎ ከሆነ ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ። ሳነብ መዝለል ለምጃለሁ።

አባቴ «አፌን ብረት ብረት ይለኛል» ይላል። እንቅልፍም የለውም። ትናንት አንዲት የጆሮ ጌጥ መንጠቆ ስትታጠፍ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛውን ጊዜ ሳትገኝ ቀረች፤ ወለሉን በጉልበቴ እየሄድኩ ስፈልግ ዋልኩ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 19

ጭምቷ፤

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ አሁን አፌ አልፈታ ብሎኛል። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም።

ፀጉሩን የጠቀለልሽበት ስስ ሮዝ ወረቀት ነው። ገብቶኛል፤ ለወርቅ ሠሪ ቤት ከዚያ የበለጠ ንጹሕ ወረቀት የለም፤ ቀለበት ለሙሽራ የሚጠቀለለው በእሱ ነው። ግን መሥሪያው አጠገብ የኖረ ወረቀት ስለሆነ ባዘቃውን ጠግቦታል። እኔ ሞኟም ይህን ማሰብ የነበረብኝ፣ ቸኩዬ ፀጉሩን ሳላጥበው ሞከርኩት። መስተዋቱ ላይ ያለው ወርቅ በሙሉ ተበላሸ። የአለቃዬ የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። አንድ ጊዜ መስተዋቱን አየች፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና «እንደገና» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

እንደገና ጀመርን። ፀጉሩን ደጋግሜ አጠብኩት። በትንሿ ጣት ልክ ቆራረጥኩት። እያንዳንዷን ቁራጭ በአሲድ አሟሙቼ አንዲት ጠብታ ወርቁ ላይ አደረግኩ። ከጫፉ ነው የጀመርኩት። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ቀጣይዋም እንዲሁ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውም። ብርድ ይሆናል እንግዲህ እያልኩ ለብቻዬ ማንጎራጎር ጀምሬ ነበር። ከሥሩ በኩል አምስት ጣት ሲቀረኝ ቀለሙ ፈቀቅ አለ። አራተኛዋ ላይ ባሰ። ከቆዳው አጠገብ የነበረችው ላይ ስደርስ አለቃዬ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ወንድሜ ባዘቃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። የሠላሳ ዓመት ሰው ፀጉር ጫፉ ንጹሕ ሥሩ ቆሻሻ አይሆንም። ይህ ፀጉር ከባዘቃ ጋር የተዋወቀው ከአምስት ወር ወዲህ ነው። ከጥር ወደ ኋላ አምስት ቁጠሪ።

ርዝመቱ ደግሞ አንድ ስንዝር ተኩል ነው። ባጠብኩት ቁጥር ተመልሶ ይጠመዘዛል፤ ተጎንጉኖ የኖረ ፀጉር ነው። ወንድሜ ሹሩባ ጀመረ እንዴ?

ሳቄ እዚህ ላይ አለቀ። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አውጥቼ ከመጨረሻው ጎን ዘረጋሁት። በጥቅምት የጻፍሻቸው ፊደላት ቀጥ ብለው ቆመዋል። የየካቲቶቹ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ያ ጠባብ ጠፍርም ትዝ አለኝ።

የማን ፀጉር ነው?

ይህን ደብዳቤ ለወንድሜ አንድም መስመር ሳትዘልዪ አንብቢለት። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

ሰላምታው ይኸው፤ በርሽ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ነው፣ አስገቢው።

አክስትሽ


ሚያዝያ 8

ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ነው የመጣው።

ፀጉሩ የእኔ ነው። ላታልልሽ ብዬ አይደለም። ወይም ትንሽ ነበር። አባቴ ፀጉር የለውም። አናቱ ራሰ በራ ከሆነ ቆይቷል፤ የቀረውን በየሳምንቱ በምላጭ ያነሣዋል። አንቺ ስትሄጂ ፀጉራም ስለነበር አታውቂም። ያኔ ለመጻፍ ያፈርኩት ቀልድም ይኸው ነበር፤ «ወርቅ ቀይ ከሆነማ እኔም ፀጉራም ነኝ» ብሎ አናቱን ቸብ ቸብ አደረገ። ፀጉሩን ላኪ ስትዪኝ አንድ ወር ሙሉ ሳስብ ቆየሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ የምንተነፍሰውም አንድ ነው፣ ስለዚህ የእኔ ፀጉር ስለ እሱም ይናገራል ብዬ ቆረጥኩ። ስለ እኔ መናገሩን አላሰብኩትም።

የቀረውን ልንገርሽ። ማጉያው ለእኔ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ አባቴ ጉጠት መያዝ አልቻለም። ከመጋረጃው ኋላ የምበይደው፣ የምሞርደው፣ ባዘቃውንም የማቃጥለው እኔ ነኝ። እሱ ከፊት ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ይጫወታል፤ ሥራው ሲያልቅ በመጋረጃው ሥር አቀብለዋለሁ። «እጁ ከዳው ካሉ ማንም በደጃችን አያልፍም፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎ አስምሎኛል። መስኮቱም የተዘጋው በአከራያችን ምክንያት ብቻ አይደለም፤ በጓሮ የሚያልፍ ሰው እንዳያየኝ ነው። አፉን ብረት ብረት የሚለውም እሱ ብቻ አይደለም። መንጠቆዋን የጣልኳትም እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን እንዳልሽው ሳልዘል አነበብኩለት። ድምፄ እየጠፋ ሲሄድ «ከፍ አድርጊው» ይለኛል። ሹሩባው ላይ ሳቀ። «የማን ፀጉር ነው» የሚለው ላይ ሳቁ ተቋረጠ።

«መልሺው» አለ።

መለስኩት።

«ከጥር ወደ ኋላ…» ብሎ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። ስለሚንቀጠቀጡ የታጠፈው ካልታጠፈው አይለይም። መስከረም ላይ ሲደርስ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«እስቲ ጽሕፈትሽን አሳዪኝ።»

«አባዬ፣ አይታይህም እኮ…»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

ጀምሬ የተውኩት ደብዳቤ ነበረ፤ እሱን አመጣሁለት። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረግኩለት፤ ጠፍሩ ስላልደረሰ በእጄ ያዝኩት። የእኔ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ማጉያው ይንቀጠቀጣል፤ የእሱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል።

«እጃችን ተመሳሰለ» አለ።

ተነሥቶ ሄደና መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቀለው። ቀጥሎ መስኮቱን ከፈተ። አከራያችን ከላይ «ደግሞ ጀመራችሁ?» ስትል «ጨረስን እንጂ አልጀመርንም!» ብሎ ጮኸባት።

ባዘቃው ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ወዴት እንደሚጣል አላወቅንም። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እስከዚያ ለሐኪሙ የምናገረውን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ።

ተቀየምሽኝ?

የወንድምሽ ልጅ


ግንቦት 3

ለልጄ ለጭምቷ፤

ሰላምታዬ ሮጦ ነው የመጣው፤ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ይህን አንብቢ።

ባዘቃውን መሬት ላይ እንዳትደፉት፣ ውኃ መውረጃ ውስጥም እንዳትጥሉት። ክዳኑን አጥብቃችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ ክተቱትና ለጤና ጣቢያው ንገሩ፤ እነሱ የሚረከበውን ይፈልጉላችሁ። መሥሪያውን በመጥረጊያ እንዳትነኪው፤ ዕቃውን ሁሉ ትታችሁ ውጡ፣ የሚያውቅ ሰው ይምጣና ያጽዳው። ለሐኪሙ መናገር ካቃተሽ የእኔን ደብዳቤ ስጪው። የእኛ መሣሪያ ሐኪም አይደለም፤ እንግዳ መግባቱን ይነግረኛል እንጂ ቤቱን ምን ያህል እንዳፈረሰው አይነግረኝም።

አልተቀየምኩሽም። የመቀየም ተራው ያንቺ ነው።

እዚህ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አነበብኩ። ባዘቃ የተነፈሰ ሰው ምን ይሆናል የሚል ነው። እጅ መንቀጥቀጥ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው መፍራት። አባታችንን እዚያ ግድግዳ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያን ጊዜ ለወንድሜ መጻፍ ነበረብኝ። «ሙያችን ነው አባታችንን የገደለው» ብሎ ለወርቅ ሠሪ እንዴት ይጻፋል? ዛሬ ነገ ስል አሥር ዓመት ሄደ። አንዲት ደብዳቤ ባለመጻፌ ያንቺን ፀጉር በጣት ልክ ለካሁት። ይህንንም ሳትዘልዪ አንብቢለት።

ከዚህ ጋር በጥጥ የተጠቀለለ ትንሽ የታሸገ ብልቃጥ አለ። ውስጡ ውኃና ወርቅ ብቻ ነው። ለወንድሜ ስጪው። እንዳይከፍተው።

ባዘቃውን ካቆማችሁ ሦስት ወር ሲሞላ አዲስ ፀጉር ላኪልኝ። በነጭ የደብዳቤ ወረቀት፣ እባክሽ።

አክስትሽ


ሐምሌ 14

ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ዛሬ ብቻውን አይደለም፤ አባቴም አብሮት አለ፣ ታች ታገኚዋለሽ።

ሐኪሙ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አንድም ቃል ሳልናገር ምርመራ አዘዘልን። ሽንታችን ውስጥ ባዘቃው ተገኘ፤ የእኔ ከአባቴ ይበልጣል። የእኔ በጊዜ ብዛት ሊለቅቀኝ እንደሚችል ነገረኝ። ወደ አባቴ ዞሮ ግን «ከዚህ እንዳይብስ ነው የምንሠራው» አለው። አባቴም «እኔማ ለመነገጃ አፌ ይበቃኛል» አለው። ውጭ ስንወጣ ትከሻዬን ይዞ ነበር የሄደው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይዘኝም።

ባዘቃውን የሚረከቡ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ የድሮውን መሥሪያና የወለሉን ጣውላም ነቅለው ወሰዱ። ከጣውላው ሥር የጠፋችው መንጠቆ ተገኘች። ነጭ ሆናለች፤ ባዘቃ በልቷታል። እሷንም ወሰዷት። አሁን በተከፈተ መስኮት ሥር፣ ከፊት ለፊት እሠራለሁ። ጥራጊውን በቆርቆሮ እያጠራቀምን ዝም ብለን ነው የምናስቀምጠው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ቀለበቷን ጣቷ ላይ አድርጋ አባቴን «እጅዎ ይባረክ» አለችው። አባቴ «እጁ የእሷ ነው» ብሎ በአገጩ አሳያት። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። መሥሪያው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። «ይህቺ? ይህቺ እንኳን አፍ የላትም!» አለች። «ታዲያ ቀለበት በአፍ ይሠራል?» አላት። ደንበኛዋ ሳቀች፤ እስካሁንም በደጃችን ማለፍ የተወ ሰው የለም።

የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ግድግዳው ላይ አለ ካልሽው ውስጥ «ሰው መፍራት» የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ከመስከረም በፊትም ሰው እፈራ ነበር። ግን መሥሪያው ሥር ያደግኩ ነኝ። የትኛው የእኔ እንደሆነ፣ የትኛው የባዘቃው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ባዘቃው ሲወጣ ፍርሃቴም አብሮ ቢወጣ ደስ ይለኛል እላለሁ፤ ቀጥዬ ደግሞ እሱ ከሄደ ምን እቀራለሁ እላለሁ። ያንቺ ወርቅ ይህን አያይም መሰለኝ።

በነጩ ወረቀት ሁለት ፀጉር አለ። ሥራቸውን በቀይ ክር አስሬዋለሁ። ረጅሙ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ከሥሩ በኩል ያሉትን ሦስት ጣቶች እዪልኝ። እነሱ ንጹሕ ከሆኑ የቀረውን ጣይው። ንጹሕ ካልሆኑም ጻፊልኝ፤ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ነው የምጠይቀው።

አጭሩ የአባቴ ነው፤ በጆሮው ዙሪያና በማጅራቱ የበቀለው። ደብዳቤሽን ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ ምላጭ አላስነካም፤ ለምን ቢሉት «እህቴ አዝዛኝ ነው» ይላል። የላክሽለትን ብልቃጥ መስኮቱ ላይ አቁሞታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ስታልፍበት ግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ ያርፋል፤ እሱን እያየ ነው የሚነቃው።

የሚቀጥለውን ራሱ ካልጻፍኩ ብሏል። ወረቀቱን ይዤለታለሁ። አንድ ሰዓት ፈጅቶበታል፤ እንዳይከብድሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

*እህቴ። ፀጉራም ሆኛለሁ። ወርቁም ቀይ ነው።*